በቀይ እስክርቢቶ «ይውጣ» ብለው የጻፉት እትዬ ፋይል

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ፋይል እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ የውኃ መስመር ዘርጊ ከነበሩት አባታቸውና በቤታቸው ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው የተወለዱት፣ ዛሬ የትልቁ ከተማ ዳርቻ የሆነው ይህ ሰፈር የራሱ ከንቲባና የራሱ ማዘጋጃ ቤት የነበረው ራሱን የቻለ ከተማ በነበረበት ዘመን ነው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚሁ ተምረው፣ የታይፕ ሥልጠናቸውንም አጠናቀው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በማዘጋጃ ቤቱ በታይፒስትነት ተቀጠሩ፤ ቆየት ብለውም ወደ መዝገብ ቤት ተዛውረው እስከ ኃላፊነት በመድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ።

መዝገብ ቤቱ በኮሪደሩ ጫፍ ያለ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ሲሆን፣ እሳቸው የልደት መዝገቡን፣ የቤት ፕላኑን፣ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጡት ነበር። አለቆች አንድ ፋይል ሲፈልጉ በቁራጭ ወረቀት «ይውጣ» ብለው ይልካሉ፤ ይህም በመዝገብ ቤት ቋንቋ፣ ተፈልጓልና ከመደርደሪያ ወርዶ ይቅረብ ማለት ነው። የትዳር አጋራቸውንም ያገኙት እዚያው መስኮት ላይ ነበር። ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ የመጡት አናጢ አባታችን፣ ፋይልዎ ጠፍቷል ተብለው ሦስት ቀን ተመላልሰዋል፤ ሆን ተብሎ ነው የጠፋው ብለውም እስከ ዛሬ ይምላሉ፤ እናታችን ግን አምነውም ክደውም አያውቁም ነበር። በትዳራቸውም ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ከተማው ወደ ትልቁ ከተማ እንዲጠቃለል በተወሰነ ጊዜ፣ የሚፈለገውንና የማይፈለገውን በስምንት ቀን ለይተው ምልክት እንዲያደርጉ ታዘዙ። እሳቸውም ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ እየዋሉ፣ አንድም ቀን እንዳይጉላሉ የሚሳሱላቸውን መዛግብት ከሁሉ አስቀድመው እንዲሄዱ በማሰብ በቀይ እስክርቢቶ «ይውጣ» ብለው ጻፉባቸው፤ በዓመት ፈቃድ ቅጾችና በመጥረጊያ መጠየቂያዎች ላይ ደግሞ «ይቆይ» አሉ። ከትልቁ ከተማ የመጡት ጫኞች ቃሉን ሰው ሁሉ እንደሚረዳው ተረድተውት፣ «ይውጣ» የተባለውን እንደ ቆሻሻ ቆጥረው አሮጌ ወረቀት ተቦክቶ እንደገና ወደሚሠራበት ወረቀት ፋብሪካ፣ «ይቆይ» የተባለውን ወደ አዲሱ ሕንፃ ወሰዱት። በማን ይፈረዳል? የመጥረጊያው መጠየቂያ ዛሬም በብረት መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጧል።

ነገሩን እንደሰሙ በታክሲ እስከ ወረቀት ፋብሪካው ድረስ ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። ጥበቃው «እናቴ፣ ያለ ደብዳቤ አላስገባም፤ እንጀራዬ ነው» ቢላቸው ለደብዳቤ ተመለሱ፤ ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሮ ፈርሷልና የሚፈርም ሰው አልነበረም። እንደገና ሄደው፣ የሰፈሩ ልጆች የልደት መዝገብ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሲገባ በአጥሩ ሽቦ መካከል ተመለከቱ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳቃቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ እኛም ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም እያልን ብናጽናናቸው፣ «ጽሕፈቱ የእኔ ነው» ይሉን ነበር።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ጎረቤቶች ዕድሜያቸውንና የአጥራቸውን ወሰን ሊጠይቁ ይመጡ ስለነበር፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ በአሥራ አንድ ደብተር ጽፈው ለትልቁ ከተማ መሥሪያ ቤት አቀረቡ፤ ሠራተኛው በትሕትና ተቀብሎ አገላብጦ፣ በሰው ትዝታ ላይ ማህተም አይመታም ብሎ መለሰላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ስትሮክ ንግግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወሰደባቸው። ሰው ግን መምጣቱን አልተወም፤ ጥያቄውን ሲሰሙ መልሱን ማወቃቸው ከዓይናቸው ይታይ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይወጣም፣ ጠያቂው ብርድ ልብሳቸውን ሳብ አድርጎ አልብሷቸው ይሄዳል። እኛም ቆመን ከማየት በቀር ያደረግንላቸው ነገር የለም። ትናንት ማለዳ በቤታቸው ዐረፉ።

የሞት ምስክር ወረቀታቸውን ልታወጣ የሄደችው ታላቅ እኅታችን የትውልድ ከተማቸውን ብትናገር፣ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ከተማ እንደማያውቅ ነግራት በትልቁ ከተማ ተወለዱ ብላ ሞላች። እናታችን በሕይወት ቢኖሩ እንዲህ ያለውን ወረቀት አይቀበሉም ነበር፤ እኛ ግን ቀብሩ እንዳይዘገይ ፈርመን ተቀበልን፤ ይቅር ይበሉን።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና መቼ እንደተወለደ የሚነግረው ሰው ያጣውን ይህን ሁሉ ጎረቤት ትተው ሄደዋል። ማስረጃ የማይጠይቀው አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን።