ለአስፈራሪው ደብዳቤ የአናጢው መልስ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወረቀት ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙት ጎረቤቴ አናጢው ሆነው አገኘኋቸው። እኒህ ሰው ከእንጨት እንጂ ከወረቀት ጋር ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅምና አንገቴን አስግጌ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት አየሁ። «የሚሸጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ» ይላል። ደነገጥኩ። አናጢ መጋዙን ሸጦ በምን ሊኖር ነው?

«ምነው ጋሼ፣ በደህና ነው?»

ከኪሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ አውጥተው አቀበሉኝ። የላከው አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ነው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ከአንድ እንጨት ነጋዴ በዱቤ የወሰዱትን የጣውላ ዋጋ፣ ነጋዴው ስለሞተ፣ የመጠየቅ መብቱን ከወራሾቹ ገዝቻለሁ ይላል። በሰባት ቀን ውስጥ ከነወለዱ ካልከፈሉ ከስሶ ንብረታቸውን እንደሚያስይዝ ይዝታል።

«ታዲያ ዕዳው አለብዎት?»

«ኧረ ምን አለብኝ! በዚያው ዓመት የቤቱን በርና መስኮት ሠርቼለት ተወራርደናል። ግን በስተርጅና ፍርድ ቤት ተጎተተ ከምባል መጋዙ ይሂድ። ዝም አይነቅዝም፣ መምህር።»

ለካስ የወንድማቸው ልጅ ልትወስዳቸው መጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል የምትሠራ፣ ነገር የማታስቀር ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ አናጢ ሆነው ይህን ይላሉ? ዝም ብሎ የተቀመጠ እንጨት አይደለም እንዴ የሚነቅዘው?»

ወረፋ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«አንቺ ትቀልጃለሽ። የድርጅቱ ሰው በየጠዋቱ ይደውላል። ትንሽ ልላክለትና ይገላግለኝ ብዬም ነበር።»

«ላኩለት?» አለች፣ ፊቷ ልውጥ ብሎ።

«አልላክሁም።»

«ተመስገን! ዕዳ የሚጠየቅበት ዘመን በሕግ የተገደበ ነው። ለመገላገል ብለው ጥቂት ቢሰጡ ወይም አዎ አለብኝ ቢሉ፣ ዘመን ያለፈበትን ነገር ራስዎ ሊያድሱት ይችላሉ። ደግሞ ይህ የድርጅቱ ዛቻ ነው፤ የፍርድ ቤት ማኅተም የት አለበት? በጽሑፍ እንመልስለት። ዕዳውን አላምንም፣ ውሉንና ስሌቱን አሳየኝ እንበለው። መጥሪያ ከመጣ ግን ቀኑን ሳናሳልፍ እንቀርባለን። የቀረ ሰው እውነት ይዞም ይፈረድበታል።»

«በምን አፌ ልቅረብ? እኔ ሒሳብ የምጽፈው በወረቀት አይደለም፤ በሥራ ቤቴ በር ጀርባ፣ በእርሳስ ነው።»

«ነጋዴው አልፈረመም?» አልኩ እኔ።

«ፈርሟል እንጂ። እዚያው በሩ ላይ።»

ከልጅቷ ጋር ተያየን። ለሰው ሁሉ በር ሲሠሩ የኖሩት ሰው የራሳቸውን በር ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበር!

ማስታወቂያው ሳይባዛ ቀረ። እዚያው ተቀምጠን መልሱን ጻፍን፤ ቅጂውን ለራሳችን አስቀርተን ዋናውን በአደራ ደብዳቤ ላክን። ድርጅቱ ውል አላሳየም፤ እንዲያውም ከሰሰ። እኔ ይፈራሉ ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን በቀጠሮው ቀን በሩን ከማጠፊያው ነቅለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ችሎት ገቡ።

«የበሩ ፎቶግራፍ ይበቃ ነበር» አለች የወንድማቸው ልጅ፣ በሹክሹክታ።

«ዋናውን አምጣ ቢሉኝስ?»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ጣውላው በበርና በመስኮት ተወራርዷል» ይላል፤ ቀኑ አለ፣ የሟቹም ፊርማ። የድርጅቱ ጠበቃ ውሉን ሲጠየቅ የስም ዝርዝር ብቻ አወጣ። ክሱ ውድቅ ሆነ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

የራስን ዕዳ መክፈል ጨዋነት ነው፤ የሌለብንን ፈርቶ መክፈል ግን ለአስፈራሪ ደመወዝ መቁረጥ ነው። አናጢው ለደብዳቤው በጊዜ መልስ በመስጠታቸውና በቀጠሮው በመቅረባቸው መጋዛቸው ዛሬም ይጮኻል። ሒሳባቸውንም አሁን በደብተር ይጽፋሉ።

ያን ዕለት በሩን ተሸክመው ሲመለሱ አንድ የሰፈር ሰው ከመንገዱ ማዶ፣ «ጋሼ፣ በር ይዘው ከየት ነው?» አላቸው። ሰው ምን ይለኛል ብለው መጋዛቸውን ሊሸጡ የነበሩት ሽማግሌ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸው መለሱ፦

«ከፍርድ ቤት! ተከስሼ፣ ቀርቤ፣ ረትቼ!»