ቀንዱ ባሌን የገደለው ጊዜ

በኛ ዘመን ወሬ በሰው እግር ነበር የሚመጣ። ትሰማኛለህ? ጻፍ እንግዲህ፣ እጅህ ሲዝል ንገረኝ፣ አርፋለሁ። በሰው እግር ነበር የሚመጣ፣ እና ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው መጀመሪያ ውኃ ታጠጣዋለህ፣ ከዚያ የማን ልጅ ነህ ትለዋለህ፣ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ ትለዋለህ። ሰምቼ ነው ካለ ደግሞ ከማን ትለዋለህ። ዛሬ እናንተ ያንን ሬዲዮ ትከፍቱና ወሬው ዝም ብሎ ቤት ይገባል፣ ውኃ አይጠጣ፣ የማንም ልጅ አይደለም። እኔ አልጠላሁትም፣ እንዲያው ይገርመኛል እንጂ። ይህን ሁሉ ማን ነገረው እላለሁ። አለሚቱ ልጄ ትስቅብኛለች። ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔ ግን ምክንያት አለኝ።

ጣሊያን ጎንደርን የያዘ ጊዜ ነው። እኛ ወገራ ነን፣ ከዳባት ወረድ ብላ ባለች መንደር። ባሌ ደምሌ፣ የአለሚቱ አባት፣ ጫካ ገብቶ ነበር። ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው መንገድ፣ ሊማሊሞ ገደል ውስጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የጣሊያንን ማኪና ይጠብቃል። ይኑር ይሙት የማውቀው መንገደኛ ሲመጣ ብቻ ነው። በዚያው መስከረም አክስቴ ሞተች። እናቴ በልጅነቴ ሞታብኝ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እና እንደ እናት አድርጌ አለቀስኋት፣ ራሴን ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስሁ። እንዲያው ሆኜ ዳባት ገበያ እወጣለሁ፣ ጨው እገዛለሁ፣ እመለሳለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ብወርድ ሴቶቹ ዝም አሉ። ሲያወሩ ሰምቻቸዋለሁ እኮ ከላይ ሆኜ፣ ስደርስ ዝም። አንዷ እንስራዬን ተቀብላ ቀዳችልኝ። በሌላ ቀን ወረፋዬን የምትነጥቀኝ ሴት ናት፣ ዛሬ ቀዳችልኝ፣ አሸከመችኝም። ልቤ ድንግጥ አለ። ለሰው እንዲህ ሸጋ የሚሆኑለት መቼ እንደሆነ አውቃለሁና።

እንስራውን ቤት አድርሼ በቀጥታ አያ መኰንን ዘንድ ሄድሁ። አያ መኰንን ማን መሰለህ፣ የመንደሩ መርዶ ነጋሪ ነው። በኛ አገር የሞት ወሬ እንዲያው አይነገርም። ወሬው የደረሰው ሰው ለሚስቱ አይናገር፣ ለእናቱ አይናገር፣ ለአያ መኰንን ይናገራል። አያ መኰንን ያጣራል፣ አይተሃል ይላል፣ ቀብረሃል ይላል፣ የሟቹን ምልክት ይዘሃል ይላል። ሲያምንበት ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። እሱ ማለዳ በርህ ላይ ከቆመ አፉን ሳይከፍት ታለቅሳለህ።

«አያ መኰንን፣ ደርሶዎት ያልነገሩኝ ነገር አለ?» አልሁ።

«የለም» አለ።

«ታዲያ ሴቶቹ ምነው እንዲህ ሆኑ?»

ጺሙን ያዝ ያዝ አደረገ። «እንዳልነግርሽ ወሬው መርዶ አይደለም፣ መርዶ አይደለም እንዳልል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ጎረቤታችን ታከለ ትናንት ከጎንደር መጣ። ጣሊያን ፒያሳ ላይ እንጨት ተክሎ የብረት ቀንድ ሰቅሏል፣ ቀንዱ ባማርኛ ይናገራል፣ እና ሽፍታው ደምሌ ተገደለ ብሎ ተናገረ አለኝ። ያየ ማን ነው ብለው ቀንዱ አለኝ። ቀንዱ የማን ልጅ ነው ብለው ዝም አለ። እኔ ከቀንድ መርዶ ተቀብዬ አላውቅም፣ እንዴት አድርጌ ላርዳሽ?»

አየህ፣ እኔ ያን ጊዜ አላለቀስሁም። ማልቀስ ሲገባኝ አንድ ነገር ከነከነኝ። ማን ነው ያየ? አንድ ያየ ሰው መኖር አለበት። ቀንዱ ገደል ወርዶ አላየ። እና ያንን ሰው ማየት ፈለግሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ደምሌ እንዴት ነበር የወደቀ፣ ማን ቀበረው ልለው።

«ልሂድና ልጠይቅ» አልሁ።

«ማንን? ቀንዱን?»

«ቀንዱን የሚያናግረውን።»

አያ መኰንን ዱላውን አንሥቶ ተከተለኝ። ለኔ አዝኖ ይመስልሃል? አዝኗል፣ ግን እሱንም ከንክኖታል። ሥራውን የወሰደበትን ነገር ማየት ይፈልጋል።

መንገድ አድረን ጎንደር ገባን። ፒያሳ ብንደርስ ሰው ግጥም ብሎ ቆሟል፣ ቀንዱም፣ ዛሬ ድምፅ ማጉያ የምትሉት፣ እውነትም ይናገራል። እንዴት ያለ ያማረ አማርኛ መሰለህ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው አማርኛ። የእገሌ አገር መንገድ ተሠራ አለ፣ እገሌ ባላባት ለጣሊያን ገብቶ ተሸለመ አለ፣ የጣሊያን ሐኪም የእገሌን ዓይን አዳነ አለ። እኔ እጠብቃለሁ። ከኛ ማዶ ያለችው መንደር በዚያው ሰሞን በእሳት ጋይታለች፣ ጭሷን ከደጄ ሆኜ አይቻለሁ፣ እና አሁን ይናገራታል፣ አሁን ይናገራታል እላለሁ። አንዲት ቃል የለም። ስለ ዶሮ እርባታ ተናግሮ ዝም አለ።

አያ መኰንን ቀንዱን ዞሮ ዞሮ አየው። በኋላ «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። «ይህ የመሪጌታው ልጅ ጋሻው ነው፣ አባቱን አውቀዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም።» እና ከሚያነብበት ከጣሊያኖቹ ቢሮ እስኪወጣ ጠብቀን ያዝነው። ቀጭን ልጅ ነው፣ ኮት ለብሷል። አያ መኰንን የአባቱን ስም ጠርቶ ሳመውና ወደ አጥር ጥግ ወሰደው። እኔ እስከ ዓይኔ ተሸፋፍኜ ተከተልሁ።

«ወንድሜ፣ ደምሌን አይተኸዋል?» አልሁት።

«የቱን ደምሌን?»

«በቀንዱ የገደልኸውን።»

ግራ ቀኝ አየ። «እኔ አንባቢ ነኝ እሜቴ። የሰጡኝን ወረቀት ነው የማነብ።»

«ወረቀቱን ማን ሰጠህ?»

«አስተርጓሚው።»

«አስተርጓሚውስ አይቶታል?»

«እሱ ምን ቆርጦት ገደል ይወርዳል? ዳባት ወሬ የሚያቀብል ሰው አለን፣ እሱ ያመጣል፣ አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ሹም ይነግራል፣ ሹሙ ጻፉ ይላል።»

«ያ የዳባቱ ሰውስ አይቷል?»

ልጁ እንዲህ ጠየቀችኝ ብሎ አልተቆጣም፣ እሱም የገረመው መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ማንም የጠየቀው ሰው የለም። ቆም ብሎ አሰበና «ሲናገር እኔም ነበርሁ» አለ። «ደምሌን አላየም። ሚስቱን ነው ያየ። የደምሌ ሚስት ራሷን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ገበያ ላይ አየኋት፣ ስለዚህ ሞቷል ማለት ነው አለ።»

ምን ልበልህ። እዚያው ቁጭ አልሁ። ነጠላዬን ገለጥሁ፣ ያንን የተላጨ ራሴን አሳየሁት፣ «ምስክርህ ይህ ነው፣ ለአክስቴ ነው የተላጨሁ» አልሁት። አያ መኰንን ፊቱን ወዲያ አዞረ። ልጁ ክው አለ። እኔ እስቃለሁ፣ ደግሞ እንባዬ ይወርዳል። በስንት ተራራ ዞሮ ሊያረዳኝ የመጣው ወሬ የወጣው ከኔው ነው።

«ታዲያ ምነው እኔን አልጠየቀኝ? ከኔ የቀረበ ማን አለው?» አልሁ።

«እርስዎን?» አለ ጋሻው። «እዚያ ቤት የሚጠየቀው ሰው የታወቀ ነው እሜቴ። ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ለሹሙ ጆሮ የሚጥም ነገር ካመጡ በቃ፣ ማን ይጠይቃል?»

«በል ነገ አልሞተም በል።»

«እሱን ብል እኔ እሞታለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞም ያስቡበት። እንዲህ ሲፈልጉት ከርመዋል። የሞተን ሰው የሚፈልግ የለም። ለቅሶ ካልተቀመጡ ግን ያ ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ያያል» አለኝና ሄደ።

እንግዲህ አስበው። ደምሌ ይኑር ይሙት አሁንም አላውቅም። የማውቀው ያወራው ሰው አለማየቱን ብቻ ነው። ካለ፣ ማልቀሴ ያድነዋል። ግን በቁም ላለ ባል መቀመጥ ደግሞ ሟርት ነው፣ ያንኑ ሞት መጥራት ነው። መንገዱን ሁሉ ከአያ መኰንን ጋር ተጨቃጨቅን።

«በቁሙ ያለን ሰው አላረዳም፣ ፈጣሪ ይጠይቀኛል» ይላል።

«እርስዎ አያርዱ፣ ቀንዱ አርድቷል። እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ» እላለሁ።

«የሞቱ ምልክት የታል ሲሉኝስ?»

«ቀንዱን ጠይቁ ይበሉ።»

ታዲያ ተቀመጥሁ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ አገሩ መጣ። አያ መኰንን ጥግ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ ብሏል፣ ማን አረዳት ሲሉት ወደ ጎንደር ይጠቁማል። እኔ መጀመሪያ እንባ እምቢ አለኝ። የሰው ዓይን እየወጋኝ ማስመሰል አቃተኝ። በኋላ ግን ገደሉ ውስጥ ብቻውን ወድቆ ቢሆንስ፣ አሞራ በልቶት ቢሆንስ አልሁና ከውስጤ ፈነቀለኝ፣ ተነሥቼ እንዲህ አልሁ፤

ያየህ ሰው ሳይመጣ፣ የቀበረህ ሳይኖር፣
ብረት ይነግረኛል ያንተን የሞት ነገር።

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ያ የዳባቱ ሰውዬም መጥቷል፣ በጣት አሳዩኝ። ንፍሮውን ሲዘግን አየሁት። ወፈር ያለ፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አያ መኰንንንም አልጠየቀ፣ እኔንም አልጠየቀ፣ አንድ ሰው አላናገረም። አፉን ጠርጎ ሄደ።

በሳምንቱ ታከለ ከጎንደር ተመለሰ፣ አሁን ግን በቀጥታ እኔ ቤት መጣ። «ቀንዱ ስላንቺ ተናገረ» አለኝ።

«ምን አለ?»

«‹የሽፍታው ሚስት በለቅሶው ላይ ቆማ የሽፍትነት መጨረሻው ይህ ነው፣ እናንተም ለጣሊያን ግቡ ብላ መከረች› አለ።»

ያን ቀን የተናደድሁትን መናደድ ባሌን ሲገድለውም አልተናደድሁ። ባሌን ሲገድል ሳያውቅ ነው እንበል። እኔን ግን ሰውዬው እዚያው ቆሞ እየሰማኝ! ያልሁትን ትቶ ያላልሁትን። ያልሁትማ ስለ ቀንዱ ነበረ፣ እንዴት ይናገረዋል?

ብቻ ለቅሶው ሥራውን ሠራ። ደምሌን መፈለጉን ተዉት። ከፋሲካ በኋላ አንድ የጨው ነጋዴ ከአዲ አርቃይ መጣ፣ ውኃ ጠጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናገረ፣ ደምሌን በዓይኔ አየሁት፣ አብሬው እንጀራ ቆረስሁ አለ። አያ መኰንን በደስታ ነጋዴውን እቅፍ አደረገው። እኔ ሌሊቱን ስስቅ አደርሁ፣ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልሁ፣ ጥቁሬንም አላወለቅሁ።

ጣሊያን ተሸንፎ ጎንደርን ሲለቅ ደምሌ መጣ። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። መንደሩ እልል አለ። ቤት ገባ፣ ተቀመጠ፣ እኔን ግን አልሳመኝም። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ሰው ሁሉ ወጣ ሲልልን «ምነው?» አልሁ። ያኔ ባሌን አንቱ ነበር የምለው።

«ግቡ አልሽ አሉ» አለኝ።

«ማን አለ?»

«በቀንዱ ተነግሯል። እስከ ገደሉ ድረስ ነው የወረደልን። ጓደኞቼ ፊት አፈርሁ።»

«ቀንዱ አንቱንስ ምን ብሎ ነበር?»

«ሞተ ብሎ ነበር።»

«ሞተዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱስ ውሸት ነው» አለ። «የኔን እኔ አውቀዋለሁ። ያንቺን ግን በምን አውቀዋለሁ?»

ትሰማለህ? እሱን በቁሙ የቀበረውን ቀንድ እኔ ላይ ሲደርስ አመነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ደምሌ ሸጋ ሰው ነበር። አያ መኰንንን አስጠራሁና ያልሁትን ሙሾ በፊቱ አስደገምሁት። ታከለም መሰከረ፣ ሴቶቹም መሰከሩ። ያን ጊዜ ተነሥቶ ጉልበቴን ያዘ፣ አለቀሰም፣ እኔም ይቅር አልሁት። አለቀ። ኖርን፣ ወለድን፣ ይህችን አለሚቱን ወለድን። ለዚህ ነው ሬዲዮው ስለማላውቀው አገር ሲነግረኝ ማን አየ የምለው። ስለማውቀውማ ቢዋሽ ራሴ እስቅበታለሁ።

[እዚህ ላይ ልጃቸው ወይዘሮ አለሚቱ ገቡበት።] «እማዬ፣ አለቀ ትያለሽ እንጂ አባባ እኮ እስኪሞት ድረስ ጠጅ ሲቀምስ ‹እናታችሁ ግቡ ያለች ጊዜ› እያለ ያወራ ነበር።»

አንቺ ልጅ! በሳቅ ነበር የሚለው።

«በሳቅ ነበር። ግን እኔ ትልቅ ሰው እስክሆን ድረስ እውነት ይመስለኝ ነበር።»

[እማማ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ሳቁ፣ ዓይናቸውንም በነጠላቸው ጠረጉ።] በል ጻፈው፣ አላልሁም ብለህ ጻፈው። አንተ ደግሞ ከኔ አፍ ነው የሰማኸው።