ጋሼ ጎበዜ ኬንያ የገቡ ዕለት

ሞያሌ ተወልዶ፣ ሞያሌ ምግብ ቤት ከፍቶ የሸበተ ሰው አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል «ወዴት?» ቢሉት «ኬንያ» ይላል። የቆመው ግን እዚያው ኬንያ ምድር፣ ከድንበሩ በስተ ደቡብ ባለው ሞያሌ ላይ ነው! ጋሼ ጎበዜም ያን ጠዋት ጎረቤታቸው ምንታምር መናኸሪያው በር ላይ ድንገት ስታገኛቸው እንዲሁ አሉ።

«ኬንያ ልሄድ ነው፣ ልጄ። ናይሮቢ ወርጄ አንድ ትልቅ ሰው ደጅ ልጠና። ሊተከል የታሰበው የውኃ ቦኖ ገበያችን ላይ ካልሆነ ምግብ ቤቴን መዝጋቴ ነው። ውኃ በአህያ እያስጫንኩ እስከ መቼ?»

ምንታምር ጨርቅ ትሸጣለች። ያለ አስተማሪ ፊደል ቆጥራ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ስል ነው።

«ታዲያ አሁን የቆሙት የት ነው? ጨረቃ ላይ?»

የአውቶቡሱ ሾፌር ወንዱ ሳቀ። ጋሼ ጎበዜ ከፋቸው።

«አትቀልጂ! አባቴ በእንግሊዝ ጊዜ ወደ ደቡብ ለመውረድ ይለፍ ይለምን ነበር። እንግሊዝ ከሄደም በኋላ የእኛ ነገር የሚቆረጠው እዚያው ናይሮቢ ነው።»

«ነበር፣ ጋሼ! ሰሜኑ ለብቻው በልዩ ትእዛዝ እንዲገዛ የሚፈቅደው አንቀጽ ተሰርዟል። ሕገ መንግሥቱ እንደ አዲስ ሲጻፍ ደግሞ ድርሻችን እስከ ካውንቲያችን፣ እስከ አካባቢያችን መስተዳድር እንዲመጣ፣ በጉዳያችንም ሐሳባችንን እንድንጠየቅ ተደነገገ። የቦኖው ቦታ የሚወሰነው ዛሬ፣ እዚሁ በሕዝቡ ስብሰባ፣ ባራዛው ላይ ነው።»

«ባራዛ! ሹም ይናገራል፣ እኛ እናጨበጭባለን።»

«ቦኖውን ለራሳቸው የሚፈልጉት የኦዳ መንደር ሰዎች ለጭብጨባ አልመጡም፤ በሎሪ ሞልተው ገብተዋል። እርስዎ ናይሮቢ ደጅ ሲጠኑ ውኃው ኦዳ ይፈሳል።»

ጋሼ ጎበዜ ሻንጣቸውን ከአውቶቡሱ አወረዱ። እልህ አንዳንዴ ከምክር ይፈጥናል።

ባራዛው ላይ የኦዳው ሽማግሌ አቶ አዳኖ ስለ ከብቶቻቸው ጥም አምርረው ተናገሩ። ጋሼ ጎበዜ ተነሡ።

«አዳኖ ወንድሜ፣ ገበያ ስትመጣ ሻይህን በምን ላፍላልህ? በምራቄ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ በላይ የሳቁት አቶ አዳኖ ነበሩ። ከሳቁ በኋላ ክርክሩ ለዘበ። ቧንቧው ቦኖውን ገበያ ላይ አድርጎ ኦዳ ድረስ እንዲዘልቅ፣ እዚያም የከብት ገንዳ እንዲሠራ ተስማሙ። ጸሐፊውም የጋሼ ጎበዜን ቃል በስማቸው መዘገበ። አባታቸው ይህን ዕድል አላገኙም ነበር።

ሕግ በወረቀት ላይ የሀገር ባለቤት ያደርጋል፤ ሰው ግን ተነሥቶ ካልገባበት በር ላይ እንደቆመ ይቀራል። የገባበትማ ይኸው ጥሙን ይቆርጣል፣ ከጎረቤቱ ይታረቃል፣ ደጅ ጥናትም ይቀርለታል።

ቦኖው በተከፈተ ዕለት ወንዱ አውቶቡሱን አቁሞ በመስኮት ጮኸ።

«ጋሼ! ኬንያ አይሄዱም?»

ጋሼ ጎበዜ ማሰሮ የሚያህል ማንቆርቆሪያቸውን ከቦኖው እየሞሉ ነበር።

«ሂድ ልጄ፣» አሉ፤ «እኔስ ደርሻለሁ!»