ሳይፈርስ የተለካው ቤት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ጎራ ማለት ልማዴ ነው። የምገዛው ነገር ኖሮኝ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦሜትሪ ያስተማረ ሰው ሚስማርና ማጠፊያ በየልኩ ተደርድሮ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በዚያን ዕለትም ከባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ የኮቴን ኮሌታ ወደ ግራ ሳብ አደረገው።

«ተጣሞብዎት ነበር» አለኝ።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለገኝም። ጎረቤቴ ግንበኛው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቱንቢ ይላቸዋል፤ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በሚያይባት፣ ከክር ጫፍ በምትንጠለጠለው ብረት ስም መሆኑ ነው። ዘመም ያለ ነገር ካዩ አያስችላቸውም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው የሟቹን ፎቶግራፍ ሲያቃኑ ተገኝተዋል።

በእጃቸው አዲስ ጓጉንቸር ይዘዋል።

«ለየትኛው በር ነው?» አልኳቸው።

«ለኋለኛዋ ክፍል። ነገ ጠዋት ልብስ ሰፊዋን አስወጣለሁ። እንኳን አገኘሁዎት፣ መምህር። በሦስት ሰዓት ለምስክርነት ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። በኋላ ዕቃዬ ጠፋ፣ መርፌዬ ወደቀ የሚል ነገር እንዳይመጣ ነው።»

ልብስ ሰፊዋን አውቃታለሁ። ያን የተጣመመ ኮቴን ገበር የቀየረችልኝ እሷ ናት። በዚያች ክፍል ከእናቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ እናቷ ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ምን አጠፋች?»

«እውነቱን ለመናገር፣ ምንም። ኪራይዋን በቀኑ ትከፍላለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። ግን አንድ ነጋዴ ክፍሏን ለመጋዘን ፈለጋት። ዕቃ ደግሞ ከሰው ይሻላል፣ መምህር። አያስልም፣ እንግዳ አያበዛም፣ ጣራው አፈሰሰ ብሎ በር አያንኳኳም። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ፤ ነገ ያበቃል።»

«እናቷስ?»

«እናቷን እሷ ታስብበት። ደግሞ ያቺ የወንድሜ ልጅ ያለችበት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነገ ይመጣል አሉኝ። ቤት ሊያጣ የተቃረበ ሰው ባለበት ሁሉ ጥልቅ ይላሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ሰው በላቡ ቤት ሠርቶ፣ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚያስወጣ ሌላ ይነግረዋል? እንዲህ ያለው ምጽዋት ሰነፍ ከማብዛት በቀር ምን ፋይዳ አለው?»

እዚህ ላይ መልስ መስጠት ነበረብኝ። አንባቢዬን አልዋሽም፤ «እሺ፣ እመጣለሁ» ብቻ አልኩ። ተማሪ ፊት አንበሳ የነበርኩ ሰው፣ ጎረቤት ፊት ጠቦት ነኝ።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ስደርስ ጋሽ ቱንቢ ጓጉንቸራቸውን ይዘው ከግቢው በር አጠገብ ቆመዋል። ጥቂት ቆይተው ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ የኔም ተማሪ ነበረች፤ የሕንፃ ንድፍ ተምራ ተመርቃለች። ትልቅ ወረቀት በብብቷ ይዛለች። ሁለተኛው ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ በግራ ትከሻው ላይ የታጠፈ ጆንያ አኑሯል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሱ ነው ብትሉኝ አላምንም ነበር።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«ደህና አላደርኩም። ልትለምኑኝ ከሆነ የመጣችሁት፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ።»

«ልንለምንዎት ነው የመጣነው። የምንለምነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እምቢ ካሉ አንደግምም። እናትና ልጅ ሌላ ክፍል እስኪያገኙ ይታገሡልን?»

«አይሆንም።»

«እሺ፣ ጋሼ። ቤቱ የእርስዎ ነው። እንግዲያው አንድ ፈቃድ ብቻ ይስጡን። ዕቃው ሳይነሣ ክፍሉን እንለካና ንድፉን እናንሣ።»

ጋሽ ቱንቢ ወደኔ ዞረው ሳቁ። «ሰሙልኝ፣ መምህር? አንዲት አልጋና አንዲት የስፌት መኪና ያለበትን ክፍል ንድፍ ሊያነሡ ነው! ንጉሥ ይኖርበት ነበር እንዴ?»

ልጅቱ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ ግንብ ሊጀምሩ ሲሉ አስቀድመው ምን ያደርጋሉ?»

«እለካለሁ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

«ሲያፈርሱስ?»

«ለማፍረስ ማን ይለካል!»

«እኛ እንለካለን። ሰው ቤት አጣ ሲባል ጣራ ብቻ ያጣ ይመስለናል። የሚያጣው ግን ብዙ ነው። ማታ እጁን ሲሰድ የሚያገኘውን ማብሪያ፣ ልጁ የሚተኛበትን ጥግ፣ ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየውን ግድግዳ ያጣል። እኛ ዕቃውን አንድ በአንድ መዝግበን እናስቀምጥለታለን፤ እሱን ራሱን ከአባሎቻችን አንዱ ቤቱ ያሳድረዋል። አዲስ ክፍል ሲገኝ በንድፉ መሠረት ሁሉንም እንደነበረ እንደረድርለታለን። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ይወስደዋል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው በማግስቱ ሥራ ይገባል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይሄዳል።»

«ይህ ሁሉ ድካም ለሰነፍ?»

«ሰነፍ እኛ ጋ አይበረክትም፣ ጋሼ። ቤት ያገኘ ሰው ለሚቀጥለው ሰው ዕቃ ይሸከማል፤ ደንባችን ነው። ቁጭ ብሎ መቀበል የለም።»

«እሺ፣ ይህን ጥበብ ያስተማራችሁ የትኛው ሊቅ ነው?»

ልጅቱ ባለ ጆንያውን ሰው አሳየቻቸው። ሰውየው እፍር አለና ጆንያውን አስተካከለ።

«ሊቅስ አይደለሁም፣ አባቴ። ተሸካሚ ነበርኩ። አከራዮች ሰው ሲያስወጡ እኔን ይጠሩ ነበር። ዕቃውን አውጥቼ መንገድ ዳር እከምርና ወደ ሌላ ሥራ እሄዳለሁ። የማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ እንጀራዬ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ቤተሰብ ዕቃ አውጥቼ ስጨርስ ዝናብ ጣለ። አባትየው ፍራሹ ሲርስ ዝም ብሎ ያያል። ትንሿ ልጃቸው ግን አላረፈችም። ወንበሩን እየጎተተች ከአልጋው ራስጌ ታስጠጋለች፤ ሣጥኑን በግራ በኩል ትገፋለች። ‹ምን ታደርጊያለሽ?› አልኳት። ‹እማዬ ከሥራ ስትመጣ ቤታችን እንዳይጠፋት› አለችኝ።»

ጆንያውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው።

«እኔ የበተንኩትን ቤት ልጅቱ በዝናብ ውስጥ መልሳ ትሠራዋለች። ያን ዕቃ ሁሉ ተሸክሜ ወደ ግቢዬ ወሰድኩት፤ እሷ እንደደረደረችው አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ለማስወጣት ተሸክሜ አላውቅም። እያደር አንድ ሾፌር መኪናውን ይዞ መጣ፤ አንዲት ነርስ መጣች፤ አንድ አናጢ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ማኅበር ሆንን። አልጋ ስንፈታ ብሎኑን በጨርቅ ከረጢት አድርገን ከዚያው አልጋ እግር ጋር እናስራለን። አንድም ብሎን ጠፍቶብን አያውቅም።»

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ከአንዱም አልተማርኩም። ጋሽ ቱንቢን ግን ዝናብ ላይ ከነበረችው ትንሽ ልጅ ይልቅ የነካቸው ብሎኑ ይመስለኛል።

«ከዚያው ከእግሩ ጋር?» አሉ።

«ከዚያው ከእግሩ ጋር።»

«እሱስ ደህና ሥራ ነው» አሉ ሳይወዱ። «ቢሆንም ቃሌ ቃል ነው። ለኩና ውጡ።»

ወደ ኋለኛው ክፍል ሄድን፤ ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። ልጅቱና ተሸካሚው ገብተው ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጉት። እኔና ጋሽ ቱንቢ በር ላይ ቀረን፤ ግን ብዙም አልቆየን።

«ሜትሩ ሆዱን ጥሏል! ወጠር አድርገው! ኧረ እንዲህም አይለካ!» ብለው ጋሽ ቱንቢ ጮኹና ሜትሩን ከተሸካሚው እጅ ቀምተው ገቡ። እዚያች ክፍል ውስጥ እግራቸው ሲገባ በአሥራ አንድ ዓመት ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ከአልጋው በኩል ተሰማ። እናትየዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። «ይህ ከባድ እርምጃ የባለቤቱ ነው። ይግቡ፣ ይግቡ። ሁለት ይራመዱ፤ በቀኝዎ ወንበር አለ። ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መደርደሪያው ይመታዎታል።»

ጋሽ ቱንቢ ሁለት ተራመዱ፤ ዝቅ አሉ፤ ወንበሩን አገኙና ተቀመጡ። በገዛ እጃቸው በገነቡት ክፍል ውስጥ ማየት የማይችሉ ሴት መንገድ መሯቸው።

«ቤትዎን ያመስግኑልኝ» አሉ እናትየዋ። «ዓይኔ የጠፋ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ስጋጭ ኖሬአለሁ። አሁን ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ውኃው ባልዲ ሦስት። ልጄ ሥራ ስትውል ማንንም ሳላስቸግር ውዬ አድራለሁ። ዓይን ሆኖኛል። የሚያስቸግረኝ የበሩ ደፍ ብቻ ነው፤ ከፍ ስለሚል ዛሬም ያደናቅፈኛል።» ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ለመሆኑ ሜትር ሲጎተት ሰምቻለሁ። የምትለኩት ለምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊዋን አየኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ለእናቷ አልነገረችም። ሁለት ወር ሙሉ ጭንቋን በሆዷ ይዛ፣ ቤት ስትፈልግ ውላ እየገባች ‹ገበያ ሄጄ ነው› ስትል ከርማለች። የጋሽ ቱንቢ የወንድም ልጅ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንዳቆመች ቀረች። ተሸካሚው መሬት መሬት ያያል። እኔም ምስክር ሆኜ የመጣሁት ሰውዬ ኮሌታዬን አስተካክላለሁ።

ጋሽ ቱንቢ እጃቸው ላይ ያለውን ሜትር አዩት።

«ደፉን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዝቅ ላደርገው ነው። ያን ያህል ከፍ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ይባረኩ» አሉ እናትየዋ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ግድግዳው ዞራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

ከወጣን በኋላ ጋሽ ቱንቢ ግቢው መሐል ቆሙ። ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ ጠሯት።

«ክፍሉን የገነባሁት እኔ ነኝ። የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው። እኔ ግድግዳ ነው የማውቀው። ንገሪኝ እስቲ፣ ሌላ ቤት ብትወስዷቸው፣ አልጋውን እንደነበረ ብትዘረጉ፣ አራቱን እርምጃ ከየት ታመጡላቸው ነበር?»

«እሱን አንችልም፣ ጋሼ። ንድፉ የተረፈውን ያድናል እንጂ ሁሉን አይመልስም። አስቀድመን የምንለምነው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደግማችሁ አትለምኑም?»

«ደጋግመን ብንለምን ባለቤቱ በር ይዘጋብናል፤ ለመለካትም አይፈቅድልንም። ደግሞ በልመና ብዛት የታገሠ ሰው በወሩ ይጸጸታል። ራሱ ገብቶ ያየ ግን አይጸጸትም።»

ጋሽ ቱንቢ መዶሻና መሮ አምጥተው ከክፍሉ በር ላይ ተንበረከኩ። እስከ ቀትር ደፉን ሲቀርፉ ዋሉ። ሲጨርሱ እናትየዋ ወጥተው ሞከሩት፤ እግራቸውን በልማድ ከፍ አድርገው አነሡና መሬቱን ሲያጡ ከት ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ጋሽ ቱንቢ «ያን ብሎን ካላየሁ አላምንም» ብለው ወደ ማኅበሩ የዕቃ ማኖሪያ ይዘውኝ ሄዱ። ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ በጠመኔ ተከፋፍሏል፤ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ እንዳለ ቆሟል። አልጋው፣ ከራስጌው ወንበሩ፣ ከወንበሩ ላይ የልጅ ደብተር። ግድግዳ የለም፤ ቤቶቹ ግን አሉ። ከየአልጋው እግር ትንሽ ከረጢት ታስራ ትታያለች። አንዲት አሮጊት ከእነዚህ ወንበሮች በአንደኛው ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ቤት እስኪገኝላት ቀን ቀን እየመጣች ከዕቃዋ ጋር ትውላለች አሉን። ማንም አያስነሣትም።

ጋሽ ቱንቢ አዳራሹን ዞሩት። የሚያቃኑት ፈለጉ፤ አጡ። ቆባቸውን አወለቁ።

«መምህር» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እኔ አርባ ዓመት ቤት ሠራሁ ስል፣ ለካስ ግድግዳ ነው ያቆምኩት።»

አንባቢ ሆይ፣ ሰውን ከወደቀበት ለማንሣት ብዙ እጅ ይጠይቃል፤ እንዳይወድቅ ለመያዝ ግን አንድ ሰው ገብቶ ማየቱ ይበቃል። ልብስ ሰፊዋ ደንበኞቿ አልተበተኑባትም። የጋሽ ቱንቢ ጣራ በማኅበሩ አናጢ ተጠገነ። እሳቸውም ሌሎቹን አከራዮች ሊያነጋግሩ ከልጅቱ ጋር ይሄዳሉ፤ የባለቤትን ቋንቋ የሚያውቅ ባለቤት ነውና ይሰሟቸዋል። ሜትሩን ቅዳሜ ቅዳሜ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሆዱን እንዳይጥል አጥብቄ።

ያኔ፣ አዳራሹን ባየን ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነጋዴው ካርቶን የጫነ መኪና ይዞ መጣ። ጋሽ ቱንቢ ከግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ምነው? ክፍሉ ባዶ ነው አላሉኝም ነበር?» አለ ነጋዴው በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ብዬህ ነበር» አሉ። «ገብቼ ሳላይ ነው። ሰው አለበት።»