ደሳለኝ ያልተደገፈው ግድግዳ

ደሳለኝ ይባላል የበደለኝ ኮንትራክተር። ልጄ ዓረብ አገር ለፍታ ያሠራችልኝን የሰቆጣ ቤት ሲሚንቶ ነፍጎ ሠራውና በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ብከሰው ዳኛ ፊት ቆሞ፣ «ግድግዳው አለት ነው፤ የደከመው የአሮጊቷ ዓይን ነው» አለ። እኔ ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ጠበቃዬ ኮንትራክተር ስትከስ ያረጀች ሴት ናት፤ አመላቸውን ታውቃለች። «እማማ፣ ከቀጠሮው በፊት ሽማግሌ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። አይመልሷቸው፤ ብቻ እሱን የት እንደሚያስቀምጡት ይወቁበት» አለችኝ።

እውነትም በቀጠሮው ዋዜማ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። «ካልታረቅሽ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። «ተቀምጠን እንነጋገር» አልኩና ለደሳለኝ በርጩማውን ከስንጥቁ ሥር አኖርኩለት። ቀና ብሎ አየና በርጩማውን ወደ በሩ ሳበ። «ምነው ልጄ፣ አለት አይደለም ወይ? ተደገፈው እንጂ» አልኩት። «እዚህ ይሻለኛል፣ እማማ» አለ። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ትልቁ ግን አልሳቀም፤ «ያየነውን አንክድም» አለ። አብልቼ አጠጥቼ ሸኘኋቸው፤ ስለ እርቁ ትንፍሽ አላልኩም። በማግሥቱ ጠዋት እሱ ያመጣቸውን ሽማግሌዎች የራሴ ምስክር አድርጌ ችሎት ገባሁ።