ለፍሳሽ ጉድጓድ ምን ክብር ያስፈልገዋል?

ጋሼ ገረመው በስደት በሚኖሩበት በፎረስት ሎን ሰፈር አውቶቡስ ሲሳፈሩ አዲስ የውሃ ጎማ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። የጎረቤታቸው ልጅ ቢታንያ፣ የፍሳሽ ግንባታ መሐንዲሷ፣ ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ጋሼ፣ ጎማው ለምንድን ነው?»

«ቤተ ክርስቲያናችን በገዛው መሬት ላይ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ልንሠራ ነው። የአርማታው መኪና ሲመጣ ውሃ እጨምርበታለሁ። ቀጠን ሲል ራሱ ይፈሳል፤ ሰውም አይደክም።»

«ኖ፣ ጋሼ፣ ፕሊስ! ሊክ ያደርጋል፣ ያንጠባጥባል እኮ! የመጠጥ ውሃችሁስ የት ነው?»

«ከማጠራቀሚያው ዝቅ ብሎ፣ ከዳገቱ ሥር የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረናል። ግማሹ ምእመን ጀሪካን ገዝቶ እየጠበቀ ነው።»

ቢታንያ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሼ ገረመው ግን ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበሩ፤ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ።

«ልጄ፣ ለፍሳሽ ጉድጓድ ምን ክብር ያስፈልገዋል? ቤተ መንግሥት አይደል!»

«ቤተ መንግሥት ቢሰነጠቅ ይታያል። ይሄ መሬት ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም። የበዛው ውሃ ሲደርቅ ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ወፍራም ይሁን፤ እንዲለሰልስ ፋብሪካው የሚጨምርበት ነገር አለ። ሲሚንቶውም አፈሩ ውስጥ ያለውን ሰልፌት የሚባል ጨው የሚቋቋም ይሁን፤ አለዚያ አፈሩ ይበላዋል።»

«ሲሚንቶም ይበላል? እዚህ አገር የማይበላ ነገር የለም ማለት ነው!»

«እሺ፣ ቴስት እናድርግ። ሁለት የአርማታ ሳህን እንሥራ፣ አንዱ በእርስዎ ሚክስ፣ አንዱ በእኔ። ውሃ ሞልተን የትኛው እንደሚያፈስ እናያለን።»

ከአሥር ቀን በኋላ የሕንፃ ኮሚቴው አንድ ምግብ ቤት ተሰበሰበ። ቢታንያ ውሃ የሞላ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ሶፍት አንጥፋ አስቀመጠች። ጋሼ ገረመው ግን «እኔ በሥራዬ እተማመናለሁ!» ብለው ውሃ የሞላውን የራሳቸውን ሳህን ጭናቸው ላይ አኖሩት። የለበሱት ደግሞ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ግራጫ ሱሪ ነበር።

ስብሰባው በመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ተራዘመ። ጋሼ ገረመው መጀመሪያ ቀዝቀዝ አላቸው፤ ቀጥሎ ረጠባቸው። ሳህኑን ቀስ ብለው ወንበራቸው ሥር ደበቁ። ይሄኔ ሰብሳቢዋ እትዬ ፈትለወርቅ፣ «ጋሼ ገረመው፣ ተነሥተው በጸሎት ያሳርጉልን» አሉ።

«ተቀምጬስ?»

«ምነው፣ እግዚአብሔር ፊት ተቀምጠው?»

ተነሡ። ሁሉም የራሰውን ሱሪያቸውን አየ። ጸሐፊው ፋኑኤል ጃኬቱን አውልቆ ወገባቸው ላይ እያሰረ በጆሯቸው፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ አባቴንም ጀምሮት ነበር፤ ኪኒን አለው» አላቸው።

«እኔ አይደለሁም!» ብለው ጮኹ። «አርማታው ነው!»

ማንም አላመናቸውም። ያን ጊዜ ሳህኑን ከወንበሩ ሥር አወጡና አነሡት፤ ከቂጡ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የቢታንያ ሶፍት ደረቅ ነው። ክብራቸውን ለማዳን የቀራቸው መንገድ እሷን መደገፍ ብቻ ሆነ።

«እዩ! ውሃ ያበዛሁት እኔ ነኝ! ወፍራም አርማታ እንዘዝ፤ ሲሚንቶው ሰልፌት የሚችል፣ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ውሃ የሚያግድ ጎማ ይግባበት፣ በደንብ ይጠቅጠቅ። አንዴ በደንብ ከተሠራ ለልጆቻችን ይተርፋል፣ ጉድጓዳችንም ንጹሕ ይሆናል። የእኔ ሱሪ ይታጠባል፤ የጠጣነው ውሃ ግን ከሆዳችን ወጥቶ አይታጠብም!»

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አጸደቀ።

ጋሼ የገዙት አዲሱ የውሃ ጎማም ከንቱ አልቀረም፤ አርማታው ከጠነከረ በኋላ ጋሼ ገረመው ሳምንቱን ሙሉ እንዳይሰነጠቅ አረጠቡበት። በመጨረሻም ማጠራቀሚያውን በንጹሕ ውሃ ሞልተው ልኩን በኖራ አሰመሩ። በማግስቱ ኮሚቴው ሲመጣ ውሃው ከመስመሩ አልወረደም።

ሁሉም አጨበጨበ። ጋሼ ገረመው ግን ፋኑኤልን በክንዱ ይዘው ጠርዙ ላይ አቆሙት።

«አየህ ልጄ? ጠብ አይልም። እኔም እንደዚሁ!»