ከጋሽ በላቸው ጋር ያቀድነው ጉዞ

ብትስቁ አልቀየምም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወዳጄ ከጋሽ በላቸው ጋር የጣሊያንን ባሕር ጠረፍ በባቡር፣ እየወረድን እየተሳፈርን ልናይ አስበናል። ባለፈው ሆኽስት፣ ጀርመን አገር በምኖርበት ሰፈር፣ እኔ ቤት ተቀምጠን፣ እኔ ካርታው ላይ ከተሞቹን በቀይ እስክሪብቶ እከብባለሁ፤ እሳቸው በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ። «ሳቮና፣ አራት ሰዓት። ሳንሬሞ፣ ስምንት ሰዓት።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ማንንም አልጠበቅንም። ጋሽ በላቸው ወረቀቷን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ማኘክ ጀመሩ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። በደርግ ጊዜ የቦታ ስምና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የተገኘ ወጣት ቤቱ አይመለስም ነበር። «ቀስ ብለህ ክፈት» አሉኝ በሹክሹክታ።

ከፈትኩ። ጀርመኗ ጎረቤቴ ናት፤ ፖስተኛው እኔ ዘንድ የተወላትን ፓኬት ልትወስድ ነው የመጣችው። «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ ፊቴን አይታ። ፓኬቷን ሰጥቼ ሸኘኋት።

«ጋሼ፣ ጎረቤት ናት፤ ይትፉት» አልኳቸው። መዳፋቸው ላይ ተፉት። ልስቅ ቃጣኝ።

«ካርታውስ?» አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ የለም። ከሥሩም የለም። ዝቅ ብዬ ስፈልግ ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሸሚዜ ውስጥ ነበር። መቼ እንደከተትኩት አላውቅም።